የወንዙ ውሃ ችግኙን እየጎዳው እንደሆነ በዘር መፈተን ይቻላል?

ጥያቄው፦ «አባቴ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ሰላጣና ቆስጣ ያመርታሉ። አንዳንድ ሳምንት መደብ ላይ ያለው ችግኝ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል፤ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ያለ ምንም ማዳበሪያ ይለመልማል። የውሃው ቀለምና ሽታ ከቀን ቀን ይለያያል። የመመረቂያ ጥናቴን በዚህ ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። ዘር አብቅዬ ውሃው ችግኙን እየጎዳ መሆኑን ማረጋገጥ እችላለሁ? ችግኙ ደህና ከበቀለስ ሰላጣው ለመበላት ደህና ነው ማለት ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የሁለተኛው ጥያቄሽ መልስ አጭር ስለሆነ እሱን ላስቀድም። አይደለም። ችግኝ አምሮ ስለበቀለ ብቻ ሰላጣው ለሚበላው ሰው ደህና ነው ማለት አይቻልም። የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ግን «አዎ፣ ትችያለሽ» ነው። ሁለቱን ገና ከጅምሩ ለይተሽ ካልያዝሻቸው ጥናትሽ መሐል ላይ ይምታታብሻል።

ልዩነቱን በሁለት ብረቶች ላሳይሽ። ሰላጣና ቆስጣ ካድሚየምን ከአፈር ስበው ወደ ቅጠላቸው በማውጣት ከሚታወቁት አትክልቶች መካከል ናቸው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለቅጠላ ቅጠል አትክልት የሚፈቅደው ካድሚየም በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ተክሉ ይህን መጠን አልፎም ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ግንዱ ጠንካራ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የሚመጣው ክሮሚየም ጠባዩ ሌላ ነው። አብዛኛው ሥር ላይ ይቀራል፤ ሥሩን ያሳጥረዋል፣ ያጠቁረዋል፣ ወደ ቅጠል የሚደርሰው ግን ከሥሩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ስለዚህ ችግኙ በክሮሚየም ሲጎዳ ቶሎ ይናገራል፣ ካድሚየም ቅጠሉ ውስጥ ሲከማች ግን ዝም ሊል ይችላል።

የሰው ቆሻሻ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ከሽንት ቤትና ከቤት ፍሳሽ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለተክል ምግብ ነው። «ያለ ማዳበሪያ ይለመልማል» ያልሽው ሳምንት ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። በዚያው ውሃ ውስጥ ያለው የወስፋት እንቁላል ተክሉን ምንም አያደርገውም፤ ሰላጣውን በጥሬው የሚበላውን ሰው ግን ያሳምማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ በጥሬው የሚበላ አትክልት የሚጠጣው ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ከ1,000 በላይ የዓይነ ምድር ኮሊፎርም ባክቴሪያ፣ በሊትር ደግሞ ከአንድ በላይ የወስፋትና የመሰሎቹ ትሎች እንቁላል እንዳይኖረው መክሮ ነበር። ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት የዘር ፈተና አይነግርሽም።

እንግዲህ የዘር ፈተናው የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ በዚህ ቀን፣ ከዚህ ቦታ የተቀዳው ውሃ የተክልን አጀማመር ይጎዳል ወይ? ጥያቄው ጠባብ ቢሆንም መልሱ ጠንካራና ርካሽ ነው። በአግባቡ ከተሠራ ውድ መሣሪያ የማያየውንም ያያል፤ ምክንያቱም ሥሩ ውሃው ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ላይ ነው የሚቀምሰው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ትልቁ ዕድልሽ መጥፎ ሳምንትና ጥሩ ሳምንት መኖሩ ነው። ወንዙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ከምን ጋር እንደምታነጻጽሪ ይቸግርሽ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ሄደሽ አንድ ጀሪካን ቀድተሽ አትመለሺ። አባትሽ ፓምፑን ባስነሱ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን ቀለምና ሽታ በደብተር እንዲይዙልሽ ለምኚያቸው። ፋብሪካ ፍሳሹን ቀኑን ሙሉ በእኩል መጠን አይለቅም፤ ጠዋት ንጹሕ የመሰለው ውሃ ማታ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከጥሩውም ከመጥፎውም ቀን ናሙና ትወስጃለሽ። የምትቀጂው ከዳር ሳይሆን ፓምፑ ከሚስብበት ቦታ፣ የታችኛውን ደለል ሳትነኪ ነው። ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ካለቀለቅሽ በኋላ እስከ አፉ ሞልተሽ ክደኚው፣ በረዶ ባለበት ሳጥን ያዢው። በአራት ዲግሪ አካባቢ አቆይተሽ በ24 ሰዓት፣ ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ፈተናውን ጀምሪ። ጓንትና ቦቲ አድርጊ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ለብረት ምርመራ ወደ ላቦራቶሪ የሚላከው ናሙና በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች እንዲወርድ ይደረጋል። ያ ጠርሙስ ከዘር ፈተናው ጠርሙስ ጋር ፈጽሞ እንዳይቀላቀል በትልቁ ጻፊበት። አሲድ የገባበት ውሃ ዘሩን ይገድላል፣ ጥፋቱም በወንዙ ላይ ይለጠፋል።

ዘሩን በተመለከተ፣ አባትሽ የሚያመርቱት ስለሆነ ቆስጣ መፈተን እንደምትፈልጊ እገምታለሁ። ለመጀመሪያው ፈተና ግን ቆስጣን ተይው። የቆስጣ ዘር የምንለው የበርካታ ዘሮች ጥቅል ነው፤ ከአንዱ ፍሬ ሁለት ሦስት ቡቃያ ስለሚወጣ ቆጠራሽን ያበላሻል። ቅርፊቱም ራሱ መብቀልን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር አለበት። የሚሻለው በየቤታችን ያለው ፌጦ ነው። ፌጦ በዓለም ዙሪያ ለመርዛማነት ፈተና ከሚመረጡት ዘሮች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ጣሊያናዊው ዙኮኒና ባልደረቦቹ ኮምፖስት በደንብ መብላላቱን የለዩት በዚሁ ዘር ነበር። በቶሎ ይበቅላል፣ ሥሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ መርዝም ቶሎ ይሰማዋል። ከፌጦ ጎን ሰላጣን ጨምሪ፤ የአባትሽ ሰብል ስለሆነ ውጤቱ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ከሣር ወገን ደግሞ ገብስ ወይም ስንዴ ብትጨምሪ መልካም ነው፤ ሰፊ ቅጠልና ሣር ለአንድ መርዝ ያላቸው ስሜት ይለያያል። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የሱቅ ዘር አትጠቀሚ። ያ የፈንገስ መድኃኒት ነው።

ሌላውን ዘር በቀጠነ በረኪና ጥቂት ደቂቃ ነክረሽ ደጋግመሽ ብታጥቢው ሻጋታን ይቀንስልሻል። ፌጦን ግን እንዳታጥቢው። ውሃ እንደነካው ዙሪያውን ልጋግ ያወጣና ዘሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። ደረቁን ዘር በመቆንጠጫ አንድ በአንድ እርጥብ ወረቀት ላይ አስቀምጪው።

9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የላቦራቶሪ ሳህን) ውስጥ አንድ ማጣሪያ ወረቀት አንጥፈሽ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሪበት፤ ከዚያ አሥር ዘር አራርቀሽ አስቀምጪ። ውሃው ዘሩን እስኪያሰጥም መብዛት የለበትም፤ አየር ያጣ ዘር ይበሰብሳል፣ አንቺም ተመረዘ ትያለሽ። ለእያንዳንዱ ውሃ አራት ዲሽ አዘጋጂ። የወንዙን ውሃ ሳታቀጥኚ መቶ በመቶ፣ ከዚያ 50፣ 25፣ 12.5 እና 6.25 በመቶ እያደረግሽ ሞክሪው። ጉዳቱ ከውሃው ብዛት ጋር ደረጃ በደረጃ ከወጣ ነገሩ በአጋጣሚ አለመሆኑ ይታያል። አንዳንዴ 12.5 በመቶው ላይ ሥሩ ከንጹሑ ውሃ እንኳ በልጦ ይረዝማል። አትደንግጪ፤ ጥቂት ምግብ፣ ጥቂት መርዝም ቢሆን እድገትን ሊቀሰቅስ ስለሚችል የታወቀ ነገር ነው። እንዳለ ጻፊው።

ጥናቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም በማነጻጸሪያው ነው። ብዙዎች ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ብቻ አስቀምጠው ይበቃል ይላሉ። አይበቃም፤ የወንዝ ውሃ ከዲስቲልድ ውሃ በመርዝ ብቻ አይደለም የሚለየው፣ በጨውም በፒኤችም ይለያል። ስለዚህ ሦስት ማነጻጸሪያ ያዢ። አንደኛው ዲስቲልድ ውሃ ነው፤ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የባትሪ ውሃ የምትገዢ ከሆነ አሲድ ያልገባበት መሆኑን በፒኤች ወረቀት አረጋግጪ። ሁለተኛው ከፋብሪካዎቹ በላይ፣ ወንዙ ወደ ከተማ ሳይዘልቅ ከሰሜን ምዕራቡ ከፍታ የተቀዳ ውሃ፣ እሱ ካልተገኘ በአካባቢው ያለ የጉድጓድ ውሃ ነው። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው የጨው ማነጻጸሪያ ነው። የወንዙን ውሃ ጨዋማነት በኢሲ ሜትር ለኪ፤ ኢሲ ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ነው፣ ጨው ሲበዛ ይጨምራል፤ ከዚያ ዲስቲልድ ውሃ ላይ ጨው እየጨመርሽ ተመሳሳይ ንባብ ላይ አድርሺው። በሊትር ግማሽ ግራም ገደማ ጨው ንባቡን ወደ 1 ዴሲ ሲመንስ በሜትር ያመጣዋል። አዮዲን የሌለበት የላቦራቶሪ ጨው ይሻላል።

ጥቅሙን በምሳሌ ላሳይሽ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ ናቸው። በዲስቲልድ ውሃ ከ40 ዘር 38 በቅሎ የሥሩ አማካይ ርዝመት 32 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። በወንዙ ውሃ 36 በቅሎ አማካዩ 20 ሚሊ ሜትር ሆነ። የመብቀያ ኢንዴክስ የሚባለው የሁለቱ ንጽጽር ብዜት ነው፦ 36 ለ38 ሲካፈል፣ ሲባዛ በ20 ለ32፣ ሲባዛ በ100፤ 59 በመቶ ይሰጣል። ከ80 በላይ የሆነው ጉዳት የለውም፣ ከ50 በታች የሆነው ከባድ ጉዳት አለው የሚለው የተለመደ ንባብ ነው፤ ያንቺ 59 መሐል ላይ ይወድቃል። አሁን የጨው ማነጻጸሪያሽን ተመልከቺ። እዚያም ሥሩ 21 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጥፋተኛው በአብዛኛው ጨው ነው። እዚያ 31 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ጨው ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ሌላ ነገር አለ። የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መመሪያ የመስኖ ውሃ ኢሲ ከ0.7 ዴሲ ሲመንስ በሜትር በታች ሲሆን በጨውነቱ አያሰጋም፣ ከ3 ሲያልፍ ክፉኛ ይጎዳል። ንባብሽን ከዚህ ጋርም አስተያዪው።

በምሳሌው የበቀሉት ዘሮች ቁጥር ብዙ እንዳልተለያየና ልዩነቱ የወጣው በሥሩ ላይ መሆኑን ልብ በይ። በተግባርም እንዲሁ ነው። ዘር ቅርፊቱ ይጋርደዋል፣ የሚበቅለውም በራሱ ስንቅ ነው፤ ሥሩ ግን ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ውሃውን በቀጥታ ይጋፈጣል። «ከመቶ ይህን ያህል በቀለ» ብሎ የሚያበቃ ጥናት አብዛኛውን ጉዳት ሳያይ ያልፋል።

ዲሾቹን ሁሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ ቦታቸውን በዕጣ ደልድለሽ፣ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት አቆዪያቸው። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ማሞቂያ ያስፈልግሻል። ፌጦን በጨለማ አቆይተሽ በ72 ሰዓት፣ ሰላጣን በአምስተኛው ቀን ለኪ። አንዳንድ የሰላጣ ዝርያ ያለ ብርሃን አይበቅልም፣ ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ ሲያልፍም ተኝቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ዘርሽን አስቀድመሽ በንጹሕ ውሃ ሞክሪው። በዲስቲልድ ውሃው የበቀለው ፌጦ ከ90 በመቶ ካነሰ ያንን ዙር ጥዪውና ዘር ቀይሪ።

ስትለኪ ሥሩን እርጥብ ሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ዘርግተሽ ከግንዱ መገናኛ እስከ ጫፉ ነው የምታነቢው። ወይም ከማስመሪያ ጎን አድርገሽ በስልክ ፎቶ አንሺና ኢሜጅ ጄ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ለኪው። ግን ከመለካትሽ በፊት ጥቁር ነገር ላይ አድርገሽ በአጉሊ መነጽር እዪው። ጤነኛ የፌጦ ሥር ነጭ ነው፤ ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ድር የመሰለ የሥር ጸጉር ይታያል። ጀማሪዎች ሻጋታ መስሏቸው ዲሹን ይጥላሉ፤ ሻጋታ ወረቀቱ ላይ ይዛመታል፣ የሥር ጸጉር ግን ከሥሩ አይርቅም። በብረት የተጎዳ ሥር ጸጉሩ ይመናመናል ወይም ከነጭራሹ ይጠፋል፣ ጫፉ ቡናማ ይሆናል፣ ይደድራል። ይህንን ከቁጥሩ ጎን በቃል ጻፊው።

ስሌቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። ድግግሞሹ ዲሹ ነው እንጂ ዘሩ አይደለም። አራት ዲሽ አሥር አሥር ዘር ቢይዝ ናሙናሽ አራት ነው፤ አርባ ብለሽ ካሰላሽ የሌለ ልዩነት ይፈጠርልሻል። የየዲሹን አማካይ ወስደሽ አኖቫ በሚባለው የበርካታ አማካዮች ማነጻጸሪያ ስሌት ተንትኚ፤ ከዚያ ደነት በሚባለው የስታቲስቲክስ ፈተና እያንዳንዱን ከማነጻጸሪያው ጋር አስተያዪው።

ጉዳት መኖሩ ከታወቀ «ምንድን ነው?» ማለትሽ አይቀርም። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ሳታወጪ ሩቅ መሄድ ትችያለሽ። የመጥፎውን ቀን ውሃ ከፋፍለሽ ለአንዱ ኢዲቲኤ የሚባለውን ኬሚካል ጥቂት ጨምሪበት። ኢዲቲኤ ብዙዎቹን ብረቶች አስሮ ይይዛቸዋል፤ ሥሩ ካገገመ ጥርጣሬሽ ወደ ብረት ያዘነብላል። በክሮሜት መልክ ያለውን ባለ ስድስት ክሮሚየም ግን ስለማይዘው ኢዲቲኤ ካልረዳ «ብረት የለም» አትበዪ። ሌላውን በአክቲቬትድ ካርቦን (ለማጣሪያ በተዘጋጀ ከሰል) አጣሪው፤ ካርቦኑ ቀለምንና ብዙ የኦርጋኒክ ኬሚካሎችን ይይዛል። ሦስተኛውን ፒኤቹን ወደ 11 ከፍ አድርገሽ አየር ንፊበት፣ ከዚያ ፒኤቹን ወደ ነበረበት መልሺው፤ አሞኒያ ከሆነ ተንኖ ይሄዳል። አራተኛውን ፒኤቹን ብቻ ወደ 7 አስተካክለሽ ሞክሪ፤ አንዳንዴ ጠቅላላው ጉዳት የፒኤች ሆኖ ይገኛል። እነዚህን ሁሉ በንጹሕ ውሃም ላይ ጎን ለጎን ሥሪያቸው፤ ኢዲቲኤም ሲበዛ ራሱ ሥር ይጎዳል። ለኔ የመመረቂያ ጥናትሽን ከተለመደው የሚለየው ይህ ክፍል ነው።

ወረቀት ላይ የተገኘው ግን መደብ ላይ እንዳለ አይደገምም። አፈር በተለይም እንደ መረሬ ያለ ሸክላማ አፈር ብረትን አጥብቆ ይይዛል፤ ዲሽ ላይ ሥሩን ያሳጠረ ውሃ በአፈር ውስጥ ለጊዜው ምንም ላያደርግ ይችላል። ያ የተያዘው ብረት ግን አይጠፋም፣ ከዓመት ዓመት ይከማቻል። ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር በማሰሮ ሥሪ፤ እዚህ የምመክርሽ ሁለት አፈርና ሁለት ውሃ ማጣመር ነው። የአባትሽ መደብ አፈርና በወንዙ ውሃ ጠጥቶ የማያውቅ ተመሳሳይ አፈር፤ የወንዙ ውሃና ንጹሕ ውሃ። አራት ጥምረት ይሆናል። ችግኙ በአባትሽ አፈር ላይ ንጹሕ ውሃ እየጠጣም ከቀጨጨ ችግሩ የዛሬው ውሃ ብቻ አይደለም፣ አፈሩ ውስጥ የተከማቸው ነው፤ ወንዙ ነገ ቢጸዳ እንኳ ችግኞቹ ወዲያው አይድኑም ማለት ነው። በንጹሑ አፈር ላይ የወንዙ ውሃ ብቻ ከጎዳ ግን ውሃውን መቀየር ቶሎ ይረዳቸዋል። አምስተኛ አድርገሽ ንጹሕ አፈር፣ ንጹሕ ውሃና ቀጭን የማዳበሪያ መፍትሄ ጨምሪ፤ የፍሳሹ ምግብነት መርዙን ሸፍኖት እንደሆነ የሚያሳይሽ እሱ ነው። ከ21 እስከ 28 ቀን አቆይተሽ ግንዱንና ሥሩን ለየብቻ በ70 ዲግሪ ለ48 ሰዓት አድርቀሽ መዝኚ።

አባትሽ ጥናትሽ እስኪያልቅ መጠበቅ የለባቸውም። ተክል ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው በችግኝነቱ ስለሆነ ያለቻቸውን ንጹሕ ውሃ፣ ጉድጓድም ትሁን የዝናብ ውሃ፣ ለችግኝ መደቡ ያድርጓት፤ መደቡ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ውሃ አይፈልግም። ቀለሙ በተለወጠ ቀን ፓምፑን አያስነሱ። ጉድጓድ ቆፍረው ውሃውን ቢያሳድሩት ደለሉ፣ ከደለሉም ጋር የተጣበቀው ብረትና የወስፋት እንቁላሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ ያለውን ነው መሳብ ያለባቸው። ውሃውን በቦይ ያጠጡ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይርጩት፤ ሰላጣው ሊቆረጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩትም ማጠጣቱን ቢያቆሙ ቅጠሉ ላይ ያለው ባክቴሪያ በፀሐይና በድርቀት ይቀንሳል። ካድሚየምን ግን ይህ ምንም አያደርገውም።

ለዚህም ነው የላቦራቶሪውን ወጪ ሙሉ በሙሉ ማስቀረት የማትችዪው። ገንዘቡ ለሦስት ናሙና ብቻ የሚበቃ ከሆነ አንዱን ለመጥፎው ቀን ውሃ፣ አንዱን ከመደቡ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከበርካታ ቦታ ተሰብስቦ ለተደባለቀ አፈር፣ አንዱን ለገበያ ለደረሰና እንደ ቤት ለታጠበ የሰላጣ ቅጠል አውዪው። ካድሚየም፣ እርሳስና ክሮሚየም እንዲለኩልሽ ጠይቂ። የውሃውን ቁጥር ከምግብና እርሻ ድርጅት የመስኖ ጣሪያ ጋር አስተያዪ፤ ለካድሚየም በሊትር 0.01፣ ለክሮሚየም 0.1 ሚሊ ግራም ነው። የቅጠሉን ደግሞ ከኮዴክስ ጋር አስተያዪ፤ ለካድሚየም ከላይ የጠቀስኩት 0.2፣ ለእርሳስ በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም ነው። የኮዴክሱ ቁጥር በእርጥብ ክብደት ስለሆነ ላቦራቶሪው በደረቅ ክብደት ከሰጠሽ ቅጠሉ ከመድረቁ በፊትና በኋላ የመዘነውን ይዘሽ መልሰሽ ማስላት አለብሽ።